የበላነው ምግብ ሲያሳምመን፦ የሕግ መንገዶችና የሳይንስ ማስረጃ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና 55 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ወረታ ከተማ ይደርሳል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚያመራው መንገድ የሚገነጠለው ከዚህች ከተማ ስለሆነ ወረታ ምሳ ወይም ቁርስ ለመብላት የሚወርድ መንገደኛ አይታጣባትም። ከተማዋን የከበባት ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተንጣለለው፣ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ነው። ሜዳው በሩዙ፣ በፎገራ ከብት ዝርያ፣ እንዲሁም ከሩዝ በኋላ በመሬቱ ላይ በሚቀረው እርጥበት በሚበቅለው ጓያ ይታወቃል።

ለመሆኑ ከዚህ ሜዳ የተገኘ ወይም በዚህች ከተማ የተሸጠ ምግብ አንድን ሰው ቢያሳምመው፣ ሰውየው በማን ላይ፣ በየትኛው ሕግ፣ ምን ማስረጃ ይዞ አቤት ሊል ይችላል? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከሕግም ከሳይንስም አንጻር እንመረምራለን። ጥያቄው የሕግ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕግ ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ በሩን ከፍቶ የተቀመጠ ቢሆንም በዚያ በር የሚገባው ማስረጃ የያዘ ሰው ነው። ማስረጃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ ሙከራ የሚገኝ ሲሆን፣ በጊዜው ካልተያዘ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ተጠያቂ ያለው ጉዳትና ተጠያቂ የሌለው ጉዳት

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ሰው ከምግብ የተነሣ በታመመ ቁጥር የሚከሰስ አካል አለ ማለት አይደለም። ለዚህ የፎገራ ጓያ ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

የጓያ ፍሬ ኦዳፕ በሚል ምኅጻረ ቃል የሚጠራ፣ የነርቭ ሕዋሳትን የሚጎዳ አሚኖ አሲድ በተፈጥሮው ይዟል። ንጥረ ነገሩ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ ተመራማሪዎች ነው። ሰው ጓያን ከሌላ ምግብ ጋር አልፎ አልፎ ቢመገበው ጉዳት አያመጣም። ድርቅ ወይም ጎርፍ ሌላውን ሰብል አጥፍቶ ጓያ ለወራት ዋነኛ ቀለብ ሲሆን ግን ኒውሮላቲሪዝም የተባለው የእግር ሽባነት ይከተላል። ሽባነቱ አይድንም፤ በብዛት የሚያጠቃውም በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወጣት ወንዶችን ነው። ዶክተር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ አካባቢ ቤት ለቤት ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት በሽታው በአካባቢው በሰፊው የሚገኝ መሆኑን አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ በወሎ ደላንታ ዳውንት በተነሣው ወረርሽኝ ከ2,000 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል።

የራሱን ማሳ ጓያ በልቶ ሽባ የሆነ ገበሬ ማንን ይከሳል? መርዙን የጨመረ ሰው የለም፤ የሸጠለትም የለም። እንዲህ ያለው ጉዳት መፍትሔው የሚገኘው ከፍርድ ቤት ሳይሆን ከእርዳታ እህል በጊዜ መድረስ፣ ኦዳፕ አነስተኛ የሆነባቸውን ዝርያዎች ከማሠራጨትና ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትን ከማስተማር ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 የጓያን ሽያጭ በሕግ ከልክላ ነበር። ክልከላው ግን ተክሉን ከድኃው ማሳ አላጠፋውም፤ ምክንያቱም ድርቅም ሆነ የውኃ መተኛት ሲመጣ ጸንቶ የሚቆመው እርሱ ነው።

አሁን ምሳሌውን ጥቂት እንለውጠው። አንድ ነጋዴ ርካሹን የጓያ ክክ ከሽምብራ ጋር አስፈጭቶ «ንጹሕ የሽምብራ ሽሮ» ብሎ አሽጎ ሸጠ እንበል። የጓያ ፍሬ ማዕዘን ማዕዘን ያለው በመሆኑ በዓይን ይለያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን ሸማቹ ሊለየው አይችልም። ይህ ባዕድ ነገርን መቀላቀል ነው፤ ተጠያቂም አለው። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ሁለት ነጥብ አለ። ጥቂት ጓያ የተቀላቀለበት ሽሮ ብቻውን ሰውን ሽባ ማድረጉን ማስረዳት እጅግ አዳጋች ስለሆነ ስለ ሽባነቱ የሚቀርብ የካሣ ክስ ሊወድቅ ይችላል። የመቀላቀሉና የማታለሉ ድርጊት ግን ማንም ባይታመምም በራሱ ጥፋት ነው። በእንጀራ ዱቄት ላይ ጀሶ፣ በበርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት የሚጨምር ሰውም እንደዚሁ ነው።

ሦስቱ የሕግ መንገዶች

አንደኛው መንገድ የአስተዳደር አቤቱታ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ የሚቀርብ ምግብ ደኅንነቱ የተጠበቀ እንዲሆን ያስገድዳል። በፌደራል ደረጃ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ በክልልና በወረዳ ደግሞ የጤና ተቋማቱ የቁጥጥር ክፍሎች ምግብ ቤትንና ሱቅን ይመረምራሉ፤ ናሙና ይወስዳሉ፤ ያሽጋሉ። ይህ መንገድ ለታመመው ሰው ገንዘብ አያስገኝም። ሆኖም ሌላ ሰው እንዳይታመም ያደርጋል፤ ከዚህም ሌላ በመንግሥት ባለሙያ እጅ የተወሰደ ናሙና ለቀሪዎቹ ሁለት መንገዶች ጽኑ ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛው የወንጀል ክስ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 527 ለጤና ጎጂ የሆኑ ምግቦችን ማምረትን፣ ባዕድ ነገር መቀላቀልንና መሸጥን ያስቀጣል። ክሱን የሚያቀርበው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ተጎጂው ግን ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀርም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 101 በወንጀል የተጎዳ ሰው የካሣ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል።

ሦስተኛው የፍትሐ ብሔር ክስ ሲሆን በሁለት መሠረት ላይ ሊቆም ይችላል። የመጀመሪያው ውል ነው፤ ሻጭ ለገዢው ጉድለት የሌለበትን ዕቃ የማስረከብ ግዴታ አለበት። ነገር ግን ውል የሚያገለግለው ለገዢው ነው። አባት የገዛውን ወተት ጠጥታ የታመመች ልጅ፣ በሰው ድግስ ላይ በልቶ የታመመ እንግዳ ከሻጩ ጋር ውል የላቸውም። ለእነርሱ የሚደርስላቸው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የደነገገው ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ሦስት ድንጋጌዎች በተለይ ይጠቅማሉ፦

ሀ) አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያዝዛል። በአንቀጽ 2035 መሠረት ደግሞ በሕግ በግልጽ የተደነገገን ነገር መተላለፍ ራሱ ጥፋት ነው። ስለዚህ አንድ ምግብ ቤት የምግብ ደኅንነት ሕጉን መጣሱ ከተረጋገጠ ጥፋቱን ለማሳየት ሌላ ረጅም ክርክር አያስፈልግም።

ለ) አንቀጽ 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ተጎጂው አምራቹ አጥፍቷል ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም። ጉድለቱ በተለመደው ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። እዚህ ላይ ሕግና ሳይንስ ይገናኛሉ። ሻጋታው በዓይን የሚታይን ዳቦ የበላ ሰው «ማየት ነበረብህ» ሊባል ይችላል፤ አፍላቶክሲን ያለበትን ወተት ግን ዓይንም አፍንጫም አይለየውም።

ሐ) አንቀጽ 2155 ለአንድ ጉዳት ብዙ ሰዎች ኃላፊ በሆኑ ጊዜ በአንድነትና በነጠላ እንዲጠየቁ ይደነግጋል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ከአምራች እስከ ቸርቻሪ ያሉትን በዚሁ መንፈስ ይመለከታቸዋል። ተጎጂው በዕቃው ቅብብል ውስጥ የትኛው እጅ እንዳበላሸው ሳያውቅ ቢቀር መብቱ ወዲያውኑ አይጠፋም።

የይርጋውን ጊዜ መዘንጋት አይገባም። በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ግን ረጅሙ ይሠራል።

«ይህ ምግብ ነው ያሳመመኝ» ማለትና ማስረዳት

በሦስቱም መንገዶች ላይ የሚቆመው ትልቁ እንቅፋት አንድ ነው፤ የምክንያትና የውጤት ትስስር። ወረታ ላይ ምሳ በልቶ ማታ ጎንደር የታመመ መንገደኛ ምሳውን መጠርጠሩ የተለመደ ነው። ጥርጣሬው ትክክል መሆኑ ግን የሚለካው በመጀመሪያ በጊዜ ነው። እያንዳንዱ ተሐዋሲ ወይም መርዝ ከተበላ በኋላ ሕመሙ እስኪገለጥ የየራሱን ጊዜ ይወስዳል። የስታፊሎኮከስ ኦሪየስ መርዝ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ያስመልሳል። ሳልሞኔላ ከ6 ሰዓት እስከ 3 ቀን ይቆያል። ሄፓታይተስ ኤ ከ15 እስከ 50 ቀን፣ ሊስቴሪያ አንዳንድ ጊዜ እስከ 70 ቀን ይወስዳሉ። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው ኮሶ ሁለት ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ይታያል። እንግዲህ የመጨረሻው የተበላው ምግብ ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም። ሐኪሙ ተሐዋሲውን ከለየ በኋላ ወደ ኋላ ቆጥሮ የትኛው ማዕድ ሊሆን እንደሚችል ማስላት ይቻላል።

ሁለተኛው መለኪያ ንጽጽር ነው። ለምሳሌ ያህል 100 እንግዶች የተጠሩበትን አንድ ድግስ እናስብ። 60ዎቹ አይብ በልተው 42ቱ ታመሙ፤ ይህም 70 በመቶ ነው። አይብ ካልበሉት 40 እንግዶች ግን የታመሙት 4 ብቻ ናቸው፤ ይህም 10 በመቶ ነው። 70ን ለ10 ስናካፍል 7 ይሆናል። አይብ የበሉት ካልበሉት በ7 እጥፍ ታመዋል ማለት ነው። አይብ ባይኖርም ከ60ዎቹ ውስጥ 10 በመቶው፣ ማለትም 6 ሰዎች፣ በሌላ ምክንያት ይታመሙ ነበር ብለን እናስብ። ስለዚህ ከ42ቱ ሕሙማን 36ቱ፣ ወይም 86 በመቶው፣ ሕመማቸው ከአይቡ የመጣ ነው። የፍትሐ ብሔር ዳኛ የሚጠይቀው «የማን ማስረጃ ያመዝናል?» ብሎ በመሆኑ እንዲህ ያለ ስሌት ክብደት አለው። ስሌቱ የሚሠራው ግን ያልታመሙትም ምን እንደበሉ ሲመዘገብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠየቁት የታመሙት ብቻ ስለሆኑ ማነጻጸሪያ ይጠፋል።

ሦስተኛው መለኪያ የቤተ ሙከራ ውጤት ነው፤ ከሕመምተኛው የተገኘው ተሐዋሲ ከምግቡ ከተገኘው ጋር አንድ መሆኑ። በዚህ ረገድ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በዚያች አገር በተነሣው የሊስቴሪያ ወረርሽኝ 1,060 ሰዎች በቤተ ሙከራ በተረጋገጠ ሁኔታ ታመው 216 ሞተዋል። በጥር 2018 በሶዌቶ መዋዕለ ሕፃናት የሚውሉ ሕፃናት ታመው የበሉት ፖሎኒ የተባለ የተዘጋጀ ሥጋ ሲመረመር ፍለጋው ፖሎክዋኔ ከተማ ወደሚገኝ ፋብሪካ መራ። ከሕሙማን፣ ከምግቡና ከፋብሪካው የተወሰደው ሊስቴሪያ ሙሉ የዘረ መል ቅደም ተከተሉ ተነብቦ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተጎጂዎቹ በቡድን እንዲከሱ ፈቀደ።

አፍላቶክሲንን የመሳሰሉ መርዞች ግን የሚጎዱት ቀስ በቀስ ነው። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት 110 የወተት ናሙናዎች 29ኙ በሊትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ የአፍላቶክሲን ዓይነት ተገኝቶባቸዋል። ከዓመታት በኋላ ጉበቱ የታመመ ሰው «የጠጣሁት የእገሌን ወተት ነው» ብሎ ማስረዳት አይችልም። እንዲህ ባለው ጉዳት የግል ክስ ደካማ መሣሪያ ነው፤ የሚያድነው ሰው ከመታመሙ በፊት የሚደረግ ቁጥጥር ነው።

ከሌላው ዓለም ሁለት ትምህርቶች

እ.ኤ.አ. በ1928 በስኮትላንድ ፔዝሊ ከተማ አንዲት ሴት ጓደኛዋ የገዛችላትን የዝንጅብል መጠጥ ጠጥታ ታመመች። ከጠርሙሱ ውስጥ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ ብላ ከሰሰች። መጠጡን የገዛችው እርሷ ስላልሆነች ውል አልነበራትም። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ1932 አምራች ምርቱን ለሚጠቀመው ሰው ሁሉ መጠንቀቅ አለበት ሲል ወሰነ። የእኛ አንቀጽ 2085 ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ የአምራቹን ቸልተኝነት ማስረዳት እንኳ አይጠይቅምና።

ሁለተኛው ትምህርት መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በምዕራብ ጃፓን ሞሪናጋ የተባለው ኩባንያ ያመረተው የሕፃናት የዱቄት ወተት በአርሴኒክ ተበክሎ ከ12,000 የሚበልጡ ሕፃናት ተመርዘው ከመቶ በላይ ሞቱ። ቤተሰቦች በዚያን ጊዜ በአነስተኛ ካሣ ጉዳዩን እንዲዘጉ ተደረገ፤ ልጆቹም ድነዋል ተባለ። በ1969 ተመራማሪዎች የተጎጂዎቹን ቤት እየዞሩ ሲጠይቁ ግን ብዙዎቹ ከዘላቂ ጉዳት ጋር እያደጉ መሆናቸው ታወቀ። ለተጎጂዎቹ የዕድሜ ልክ ድጋፍ የሚያደርገው ተቋም የተመሠረተው በ1974 ነው። ጉዳቱ መጠኑ ሳይታወቅ የሚደረግ እርቅ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ከዚህ መማር ይቻላል።

ከመታመም እስከ ክስ፦ ምን እናድርግ?

1. ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም መሄድ። ሕመሙ የጀመረበት ሰዓትና ባለፉት ቀናት የተበላው ምግብ በካርድ ላይ እንዲጻፍ መጠየቅ ይገባል። የሚቻል ከሆነ የሰገራ ናሙና ፀረ ተሐዋስያን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ይሰጥ፤ መድኃኒቱ ተሐዋሲውን ሲገድል ማስረጃውንም ያጠፋዋልና።

2. የተረፈውን ምግብ አለመጣል። ከነመያዣው በንጹሕ ዕቃ ከድኖ፣ ቀንና ሰዓት ጽፎ በማቀዝቀዣ ማቆየት ያስፈልጋል። የታሸገ ምግብ ከሆነ የምርት መለያ ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ ያለበት ማሸጊያ፣ እንዲሁም ደረሰኙ ይቀመጥ።

3. ለወረዳው ወይም ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት በዕለቱ ማመልከት። ተጎጂው በራሱ ወደ ቤተ ሙከራ የወሰደውን ናሙና ተከሳሹ «ከእኔ ቤት ስለመምጣቱ ምን ማረጋገጫ አለ?» ሊለው ይችላል። ተቆጣጣሪው ከምግብ ቤቱ ወይም ከሱቁ ወስዶ ያሸገውና ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እየተፈረመበት የሄደ ናሙና ይህን ክርክር ይዘጋል።

4. አብረው የበሉትን፣ የታመሙትንም ያልታመሙትንም፣ መመዝገብ።

5. የወጣውን ወጪና የቀረውን ገቢ በሰነድ መያዝ። በአንቀጽ 2091 መሠረት ካሣው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ያልተመዘገበ ወጪ ግን አይቆጠርም። ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ አስተዋፅኦ ካደረገ ካሣው ሊቀነስ እንደሚችልም ማወቅ ይገባል።

6. በሽማግሌ ለመታረቅ አለመቸኮል። እርቅ የአገራችን መልካም ባህል ነው፤ ነገር ግን በሕግ ፊት የተደረገ የእርቅ ስምምነት እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ሐኪሙ የጉዳቱን መጠን ሳይገልጽ መፈረም አይገባም።

ገንዘብ የለኝም ብሎ መብቱን ለሚተው ሰውም መልስ አለ። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በደሃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል። አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎችም በአንድ ክስ ሊጣመሩ ወይም ከመካከላቸው አንዱ ስለ ሁሉም ሊከስ ይችላል። ለአንድ ሰው የማያዋጣ ክስ ለአርባ ሰው ያዋጣል።

የሕጉ ጉድለቶች

ሕጉ ምሉዕ ነው አንልም። በአንቀጽ 2116 የሕሊና ጉዳት ካሣ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ይህ ገንዘብ በ1952 ዓ.ም. ትርጉም ነበረው፤ ዛሬ ግን ልጁን በተበከለ ምግብ ላጣ ወላጅ ከምሳሌያዊ ምልክት አያልፍም። የሁለት ዓመቱ ይርጋም ቀስ ብለው ለሚጎዱ መርዞች አልተመጠነም። ከሁሉም በላይ ሕጉ የሚጠይቀው የቤተ ሙከራ ማስረጃ ለወረዳ ነዋሪ ቅርብ አይደለም። ማቀዝቀዣ የሌለበት ጤና ጣቢያ ናሙና ሊያቆይ አይችልም፤ ናሙና ከሌለ ደግሞ አንቀጽ 2085 ከወረቀት አይወርድም።

እዚህ ላይ የሳይንስ ተማሪ ድርሻ ጎልቶ ይታያል። የጓያን ዱቄት ከሽምብራ ዱቄት በርካሽና በፍጥነት የሚለይ የመስክ መመርመሪያ፣ በወረዳ ደረጃ አፍላቶክሲንን የሚለካ ዘዴ፣ የወረርሽኝ መጠይቅ በአግባቡ መሙላት የሚችል ባለሙያ ለፎገራ ገበሬና ለወረታ መንገደኛ ከብዙ አዋጆች የሚልቅ ጥቅም አላቸው። ዳኛ የሚፈርደው በቀረበለት ማስረጃ ነው። ያን ማስረጃ ለይቶ፣ ጠብቆና መዝኖ ማቅረብ ደግሞ ዛሬ በኬሚስትሪ፣ በባዮሎጂና በስታቲስቲክስ ክፍሎች የተቀመጡ ተማሪዎች የነገ ሥራ ነው።